ሁለተኛዋ ጥይት

ሚኒሶታ ውስጥ አንድ የአደን ዕቃ መደብር እሠራ ነበር። ያገለገሉ ጠብመንጃዎችን ተቀብሎ መፈተሽ የእኔ ድርሻ ነው። አንድ ቀን ብራውኒንግ ባር መጣ። ከ1967 ጀምሮ የሚታወቅ ግማሽ አውቶማቲክ የአደን ጠብመንጃ ነው። በርሜሉ ላይ ቤልጅየም እንደተሠራ ሳነብ አያቴ ትዝ አሉኝ። እሳቸው የቤልጅየሙን ጠብመንጃ "ቤልጅግ" ሲሉ ድምፃቸው ራሱ ይለወጥ ነበር።

መጀመሪያ ባዶ መሆኑን አረጋገጥኩ። ሰደፉ አልተሰነጠቀም። የበርሜሉ ውስጥ ያበራል። ባሩድ የሌላቸው የመለማመጃ ጥይቶች የጥይት መያዣው ካዝና ውስጥ ሞልቼ በእጄ እየሳብኩ ደጋግሜ አጎረስኩ። አንድም ጊዜ አልነከሰም፤ ጥይት አልተቀረቀረበትም። "ደህና ነው" ብዬ ፈረምኩ።

ኖቬምበር ላይ ገዢው ተመልሶ መጣ። አልጮኸም፤ ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። የመጀመሪያዋ ጥይት አጋዘኑን አቁስላዋለች። ሊደግመው ሲል ጠብመንጃው ነከሰበት፤ ቀለሁ፣ የተተኮሰው ጥይት ባዶ ቅርፊት፣ ግማሽ ወጥቶ ተቀርቅሯል። አጋዘኑ ቆስሎ ጫካ ገባ። ሰውየው እስኪጨልም ደሙን ተከትሎ ቢፈልግም አላገኘውም። ያ እንስሳ ዛሬም ከሐሳቤ አይወጣም።

አንጋፋው የመሣሪያ ጠጋኛችን ከበርሜሉ ሥር ያለውን እንጨት ፈታ። ፒስተኑ ላይ ያረጀ ዘይትና የባሩድ ጥላሸት ተጋግሮ ሙጫ መስሏል።

"በእጅህ ስትስበው የሚሠራው ክንድህ ነው" አለኝ።

እውነቱን ነው። ሲተኮስ ግን ከበርሜሉ የሚወጣ ትንሽ ጋዝ ፒስተኑን ይገፋል። ቀለሁን የሚያስወጣውም፣ ቀጣዩን ጥይት የሚያጎርሰውም ያ ግፊት ነው። ፒስተኑ ከተያዘ ጉልበቱ አይበቃም። የእኛ መደብር ደግሞ ሞቃት ነው። ውጭ ከዜሮ በታች ሲሆን ያ ዘይት ይባስ ይጠጥራል። ጠብመንጃው ምንም አላጠፋም። የቀድሞ ባለቤቱ ዘይት ላይ ዘይት ሲጨምር ኖሯል፤ እኔም እንጨቱን ፈትቼ አላየሁም።

ከዚያ በኋላ ሳልተኩስ የፈረምኩበት ጠብመንጃ የለም። የወደቀውን ቀለህም አንስቼ አያለሁ። ጥይት የሚጎርስበት ቦታ ዝጎ ከሆነ ቀለሁ ላይ ጭረት ይተዋል።

ያንን ጠብመንጃ አጽድተን፣ ብርድ ላይ አቆይተን፣ ተኩስ ሜዳ ወሰድነው። ካዝናው 4 ጥይት ይይዛል፤ ሦስቴ ሞላሁት። ገዢው አጠገቤ ቆሞ ይቆጥራል። 12ኛዋ ስትወጣ "እስቲ አንድ ካዝና ጨምርልኝ" አለኝ።

ጨመርኩለት።