ለብርቱካን ጓደኛ ስፈልግ

ብርቱካንና ጥቁሬ ቤታችን የገቡት ልጄ 7 ዓመት ስትሞላ ነው። ሁለቱም ጎልድፊሽ የሚባሉ አሳዎች ናቸው። ብርቱካን ራሷ ላይ ቆብ የመሰለ ሥጋ ያበቀለች፣ ኦራንዳ የሚባለው ዓይነት ናት። ጥቁሬ ደግሞ ከሰል የመሰለ፣ ዓይኖቹ ወደ ውጭ የወጡ ብላክ ሙር ነው። የሚኖሩበት የመስታወት ገንዳ፣ አኳሪየሙ፣ 160 ሊትር ይይዛል። ሁለቱ ብቻ ሲዋኙበት ልጄን ባዶ መሰላት። «እማዬ፣ ጓደኛ ያስፈልጋቸዋል» አለችኝ። አመንኳት። ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ተኩል ያህል ጓደኛ ስንፈልግ ኖርን።

መጀመሪያ አሳ ሻጭ ጋ ሄድኩ። «እህቴ፣ እነዚህን ውሰጂ፣ ቤቱን ያደምቁልሻል» ብሎ 6 ኒዮን ቴትራ ሰጠኝ። የጣት አንጓ የሚያክሉ፣ ሰማያዊና ቀይ መስመር ያላቸው ውብ አሳዎች ናቸው። በዚያው ላይ ፕሌኮ ጨመረልኝ። መስታወት ላይ ተጣብቆ አረንጓዴውን የሚልሰው አሳ ነው። «ይኼ ደግሞ ጽዳቱን ይሠራልሻል» አለኝ። ደስ ብሎኝ ተመለስኩ።

በማግስቱ ጠዋት ኒዮኖቹን ስቆጥር 5 ሆኑ። ዘሎ ወጥቶ ይሆናል ብዬ ወለሉን ፈለግሁ፣ ከጠረጴዛው ጀርባ አየሁ። የለም። በ3ኛው ቀን 4 ቀሩ። ምሽት ላይ ልጄ እየጮኸች ጠራችኝ። ብርቱካን አፍ ላይ ቀይ ጭራ ይታያል። ልጄ እያለቀሰች «ብርቱካን መጥፎ ናት» አለች። መጥፎ እንዳልሆነች ለማስረዳት ብዙ ደከምኩ። ጎልድፊሽ አፉ ውስጥ የሚገባለትን ሁሉ ይውጣል። ብርቱካን መዳፌን ታህላለች። ኒዮኑ 3 ሴንቲሜትር እንኳ አይሞላም። ይህን ቀድሜ ማየት የነበረብኝ እኔ ነኝ።

የተረፉትም ደህና አልነበሩም። ቀለማቸው ደብዝዞ አንድ ጥግ ተሰብስበው ይውላሉ። ቴርሞሜትር ገዝቼ ውሃውን ስለካው ነገሩ ገባኝ። በክረምት የቤታችን ውሃ 17 ዲግሪ ይወርዳል። በበጋ 21 ይደርሳል። ለጎልድፊሽ ይህ ምቹ ነው። ኒዮን ቴትራ ግን ከአማዞን አካባቢ የመጣ አሳ ነው፤ የሚስማማው 24 ዲግሪ አካባቢ ነው። ፕሌኮም ሙቀት ይወዳል።

ማሞቂያ ላስገባ ብዬ ነበር። ግን ውሃ በሞቀ ቁጥር የሚይዘው ኦክስጅን ይቀንሳል። አዲስ አበባ ላይ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ነን። የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ስለዚህ ሙቀቱ እኩል ቢሆን እንኳ የእኛ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን በሩብ ያህል ያንሳል። ሌላ አገር የተጻፈ የአሳ ምክር ይህን አስቦ አልተጻፈም። «በዚህን ያህል ሊትር ይህን ያህል አሳ» ሲባል እኛ ትንሽ ቀነስ ማድረግ አለብን። መብራት ሲጠፋ ደግሞ የአየር ፓምፑ ይቆማል። አንድ ምሽት ለ4 ሰዓት ያህል ጠፋ። ሁሉም ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። ልጄና እኔ በሻማ ብርሃን እየተፈራረቅን ውሃውን በኩባያ እየቀዳን ከከፍታ መልሰን ስናፈስ አመሸን። አየር የሚገባው እንዲህ ነው። ያን ምሽት የአሳውን ብዛት በሌላ ዓይን አየሁት።

የፕሌኮው ጉዳይ ግን ከሁሉም በላይ ያሳዘነኝ ነው። ብርቱካን ጎን ላይ የተላጠ የመሰለ ነጣ ያለ ቦታ አየሁ። በሽታ መሰለኝና ውሃ ቀየርኩ። ቦታው እየሰፋ ሄደ። አንድ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ተነስቼ የስልኬን መብራት አበራሁ። ፕሌኮው ብርቱካን ጎን ላይ ተለጥፏል። እሷ እንቅልፍ ላይ ናት። የጎልድፊሽ ሰውነት የሚያሟልጭ ሽፋን አለው፤ ከበሽታ የሚከላከልለት እሱ ነው። ፕሌኮው የሚልሰው ያንን ነበር። ሰውነቷ ሰፊ፣ እንቅስቃሴዋ ዘገምተኛ ስለሆነ አትከላከልም። በዚያ ላይ ይህ አሳ ሲያድግ ከ30 ሴንቲሜትር ሊያልፍ ይችላል። ሲነጋ ፕሌኮውንና የቀሩትን ኒዮኖች ይዤ ሻጩ ጋ ተመለስኩ። በግማሽ ዋጋ ተቀበለኝ። አልተከራከርኩም።

እንግዲህ ጎልድፊሽ ከጎልድፊሽ ጋር ይኑር አልኩ። ሐሳቡ ትክክል ነው፤ ግን ግማሹን ብቻ ነው የተረዳሁት። ኮሜት የሚባለውን ገዛሁ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ነጠላ ጭራ ያለው ነው። ልጄ መብረቄ አለችው። እውነትም መብረቅ ነው። ምግብ ገና ውሃውን ሲነካ እሱ ደርሷል። ብርቱካን ትንሽ ትሻማለች። ጥቁሬ ግን በእነዚያ ትልልቅ ዓይኖቹ ጥሩ አያይም። ምግቡን አሽትቶ እስኪደርስ አልቋል። ሁለት ጥግ ላይ ስሰጥ መብረቄ ሁለቱም ጋ ይደርሳል። በ2 ወር ውስጥ ጥቁሬ ሲከሳ በዓይኔ አየሁ።

ቻይናዎች ጎልድፊሽን ማርባት ከጀመሩ 1,000 ዓመት አልፏል። መነሻው ግራጫማ የወንዝ አሳ ነው። ኮሜት ዛሬም የዚያን የጥንቱን ቀጭን ቅርጽ ይዟል። እነ ብርቱካን ግን ለውበት ሲመረጡ ሲመረጡ ድቡልቡል ሆነዋል፣ ጭራቸው ድርብ ሆኗል፣ ፍጥነታቸውም ቀርቷል። ስማቸው አንድ ቢሆንም አንድ ገበታ ላይ አይቀመጡም። መብረቄን ግቢው ውስጥ የሲሚንቶ ኩሬ ላለው ጎረቤታችን ሰጠነው። ያ ነው የእሱ ቦታ፤ ሲያድግ 30 ሴንቲሜትር ሊደርስ ይችላልና።

ከዚያ በኋላ ነው ረጋ ብዬ የመረጥኩት። ድቡልቡል፣ ድርብ ጭራ፣ ከጥቁሬ ጋር የሚመጣጠን መጠን፣ ዘገምተኛ። ርዩኪን የሚባለውን አገኘሁ። ጀርባው ጉብ ያለ ነው፤ ልጄ ዳቦ ብላ ጠራችው። ይህን ጊዜ በቀጥታ አላስገባሁትም። በረንዳ ላይ 40 ሊትር የሚይዝ ሳፋ አዘጋጀሁ፣ ለብቻው ትንሽ የውሃ ማጣሪያ (ፊልተር) ገጠምኩለት። በ9ኛው ቀን ክንፉ ላይ ጨው የተነሰነሰ የመሰሉ ነጫጭ ነጠብጣቦች ወጡ። ተላላፊ ጥገኛ ተውሳክ ነው። ልቤ ደነገጠ፤ ግን እነ ብርቱካን ጋ አልደረሰም። በ1 ሊትር 3 ግራም ጨው ሒሳብ፣ በ2 ቀን ውስጥ ከፋፍዬ ጨመርኩ። ውሃ ሲቀዘቅዝ የዚህ ጥገኛ ዕድሜ ይረዝማል። ስለዚህ እንደኛ ቀዝቃዛ ቤት ውስጥ 2 ሳምንት ለይቶ ማቆየት አይበቃም። ነጠብጣቡ ከጠፋ በኋላም ጠበቅሁ፤ በጠቅላላው 6 ሳምንት ሞላው።

የውሃው ነገር አሁንም ያደክመኛል። ጎልድፊሽ ጨጓራ የለውም። ቀኑን ሙሉ ይለቃቅማል፣ ቀኑን ሙሉ ያወጣል፣ የሚያወጣው አሞኒያ ደግሞ ራሱን ይመርዘዋል። ፊልተሩ ውስጥ ያለው ባክቴሪያ ይህን መርዝ ይቀንሳል፤ ግን አዲስ ፊልተር ላይ እስኪራባ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። በየሳምንቱ ሲሶውን ውሃ እቀይራለሁ። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ በርሜል ሞልተን እናስቀምጣለን። ክዳኑን ከፍቼ አንድ ቀን አሳድረዋለሁ፣ ክሎሪኑ እንዲወጣ። ልብ በሉ፣ ክዳኑ ከተዘጋ ክሎሪኑ እዚያው ይቀራል።

አሁን 3 ናቸው። ለመጀመሪያው 75 ሊትር፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ 40 ብዬ ስለማስብ 160ው ሞልቷል። ጥቁሬ ወፍሯል። ዳቦ ከሱ ጎን ይተኛል። ምግብ ስንሰጥ ሦስቱም በእኩል ዝግታ ይመጣሉ፤ እኔ ይህን እያየሁ ብውል አይሰለቸኝም። ባለፈው ቅዳሜ ልጄ በረንዳ ላይ ያለውን ባዶ ሳፋ አየችና «እማዬ፣ ሌላ አንድ?» አለችኝ። ሜትሩን አምጥቼ የአኳሪየሙን ርዝመት፣ ስፋትና ቁመት አብረን ለካን። ራሷ አባዝታ፣ አካፍላ፣ ወረቀቱን ፍሪጁ ላይ ለጠፈችው።