መልሱ ተገልብጦ የማይመጣ ጥያቄ ፍለጋ

ተማሪዎች በኦንላይን ራሳቸው እየመረመሩ የሚማሩባቸውን ተግባራት ማዘጋጀት ስጀምር መነሻ ያደረግሁት በርኒ ዶጅ እ.ኤ.አ. በ1995 በሳንዲያጎ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ያስተዋወቀውን ዌብኩዌስት፣ ማለትም ተማሪዎች ከድረ ገጾች መረጃ እየሰበሰቡ አንድን ተግባር የሚሠሩበትን የትምህርት አቀራረብ ነበር። መግቢያውን፣ ተግባሩን፣ ሂደቱን፣ ምዘናውንና መደምደሚያውን ለይቶ ማስቀመጡ ሥራዬን አቅልሎልኛል። ሆኖም «የፔንዱለም የምልልስ ጊዜ በምን ይወሰናል?» (በክር የተንጠለጠለ ክብደት አንዴ ሄዶ ለመመለስ የሚወስድበት ጊዜ ማለት ነው) ብዬ የሰጠሁት የመጀመሪያ ተግባር ከሸፈ፤ አብዛኞቹ ከአንድ ድረ ገጽ የተገለበጠ ተመሳሳይ መልስ ከነቀመሩ ላኩልኝ። ጥያቄዬ በአንድ ፍለጋ የሚመለስ ስለነበር በእነሱ መፍረድ አልቻልኩም።

በሁለተኛው ሙከራ የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ቦልደር የሚያዘጋጀውን ፌት (PhET) የተባለ ሲሙሌሽን፣ ማለትም ሙከራን በኮምፒውተር ላይ አስመስሎ የሚያሠራ ፕሮግራም ተጠቀምሁ። ተማሪው ግምቱን ከነምክንያቱ ጽፎ እስኪያስገባ ድረስ የሲሙሌሽኑ ሊንክ አይከፈትለትም፤ ከዚያም ከክብደት፣ ከርዝመትና ከመነሻ አንግል አንዱን ብቻ እየቀየረ ውጤቱን በጋራ ሰንጠረዥ ላይ ይመዘግባል። ብዙዎቹ ክብደት ሲጨምር ምልልሱ ይፈጥናል ብለው ገምተው ነበርና ቁጥሩ አልነቃነቅ ሲላቸው ሲሙሌሽኑ የተበላሸ መስሏቸው ደጋግመው ሞከሩት። ርዝመት የቀየሩት ደግሞ በ1 ሜትር 2 ሰከንድ ያህል የነበረው ጊዜ ወደ 1 ሰከንድ የሚወርደው ርዝመቱ 50 ሳይሆን 25 ሳንቲሜትር ሲሆን መሆኑን አዩና «ለምን ሩብ?» የሚለው ክርክር ተነሣ፤ እኔ የምፈልገውም ይህንኑ ነበር።

ያልጠበቅሁት ግን ከአንግሉ መጣ። በመልስ ቅጼ ላይ «አንግል ለውጥ አያመጣም» ብዬ ጽፌ ሳለ አንድ ቡድን የ1 ሜትሩን ፔንዱለም ከ60 ዲግሪ ለቆ 2.15 ሰከንድ ገደማ አገኘ። ትክክል ነበሩ፤ የእኔ አባባል የሚሠራው አንግሉ ትንሽ ሲሆን ብቻ ነው። ቅጼን አርሜ የእነሱን ጥያቄ ለቀጣዩ ክፍል መነሻ አደረግሁት።

በዚህ ተደፋፍሬ ጥያቄውንም መንገዱንም ሙሉ በሙሉ ለእነሱ በተውሁ ጊዜ ግን የውይይት መድረኩ ጭር አለ። አሁን ጥያቄውን እኔ እሰጣለሁ፤ የሙከራውን መንገድ እነሱ ይመርጣሉ። ያልፈታሁት ችግር ምዘናው ነው፦ አንዳንዶች ነጥብ እንዳይቀነስባቸው ከሙከራው በኋላ ተመልሰው ግምታቸውን ያስተካክሉ ስለነበር፣ ግምቱ አንዴ ከተላከ እንዳይቀየር ቆልፌ ነጥብ የማይያዝበት አድርጌዋለሁ። በሚቀጥለው ዙር ነጥቡ የሚሰጠው ግምቱና ውጤቱ ለምን እንደተለያዩ ለሚያስረዳው አንቀጽ ይሆናል።