ሸርተቴ

ዛሬ ቀኑን ሙሉ ሆድ ባሰኝ። ምክንያቱን እንጃ። ከሰዓት አሞራ ገደል ወርጄ ሐይቁን ሳይ ቆየሁ። አባ ኮዳዎቹ ዝም ብለው ቆመዋል። እኔም ዝም ብዬ ተመለስኩ። ማታ ላፕቶፔን ከፍቼ «ቫንኩዊሽ»ን እንደገና ጀመርኩ።

ይቺን ጌም እንደምወዳት ታውቃላችሁ። ፕላቲነም ጌምስ ሠርቷት እ.ኤ.አ. በ2010 ወጣች፤ የመራት ሺንጂ ሚካሚ ነው። ሳም የሚባለው ሰውዬ የብረት ልብስ ለብሶ በጉልበቱ ይንሸራተታል፣ ሮኬት እየገፋው። እየተንሸራተተ ጊዜን ያዘገያል። ያኔ ጥይቱ አየር ላይ ሲያልፍ በዓይንህ ትከተለዋለህ። እንዴት እንደሚያምር! ግን ልብሱ ይግላል። ካበዛኸው ኃይሉ ያልቅና ቀርፋፋ ትሆናለህ። ከግድግዳ ጀርባ ተከልለህ እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ ነው። እዚያ ከፈለግክ ሳም ሲጋራ ይለኩሳል።

አጭር ናት ብለው ያሟታል። አዎ፣ አምስት ስድስት ሰዓት ቢፈጅ ነው። እኔ ግን በዚህም ነው የምወዳት። አንድም ቦታ አታንዛዛም።

መጀመሪያ ያየኋት ፒያሳ አካባቢ፣ አንድ ፕሌይስቴሽን ቤት ውስጥ ነው። ሁሉም ፊፋ ይጫወታል። ሂሳቡ በሰዓት ስለሆነ ረጅም ጌም ጀምሮ የሚጨርስ የለም። ታላቄ ግን «ይቺን እንጨርሳታለን» አለኝ። በየእሁዱ አንድ ሰዓት። እሱ ሲሞት እኔ እቀበለዋለሁ። ሳንቲም ያዋጣው እሱ ነበር፣ ከምሳው ቀንሶ። በሰባተኛው እሁድ ጨረስናት። መጨረሻ ላይ የሠሪዎቹ ፊት ያለባቸው ድንጋዮች ይመጣሉ፤ እነሱንም ትመታለህ። ባለቤቱ «ሰዓት ሞልቷል» ቢለንም ያቺን እንድናይ ተወን።

ለኮምፒውተር የወጣችው በ2017 ነው። ያኔ እሱ ካናዳ ገብቷል።

ባለፈው እሁድ ስንደዋወል ድምፁ ሌላ ሆነብኝ። ቀን አንድ ቦታ፣ ሌሊት ሌላ ቦታ ይሠራል። «ደህና ነኝ፣ አንተ ብቻ በርታ» አለኝ። የቤት ኪራዩን የሚልክልን እሱ ነው። መቼ ነው የሚያርፈው? ጠይቄው አላውቅም። አሥር ዓመት ሊሞላን ነው፣ አንዴም አልጠየቅኩትም።

ሳም ከግድግዳው ጀርባ እንደተቀመጠ ነው። ካቆምኩት ቆየሁ።

ልደውልለት? እዚያ አሁን ቀን ነው። ከሌሊት ሥራ ወጥቶ ገና እንቅልፍ ወስዶት ቢሆንስ?