ጫማህን አውልቅ

እሁድ ማታ ነው። ከዶክተር ሽኝት አሁን ገባሁ።

የዕድሩ ድንኳን ተተክሎ፣ ድፎ ተቆርሶ፣ ጋቢ አለበስናቸው። ጡረታ ወጡ እንግዲህ። ስማቸውን አልጽፍም፣ አይወዱም። ለነገሩ ሰፈሩ የሚያውቃቸው «ጫማህን አውልቅ» በሚለው ነው። ሳል ብለህ ብትሄድም፣ ራስ ምታት ብለህ ብትሄድም ጫማህን ሳታወልቅ አትወጣም። ውስጥ እግርህን፣ የጣትህን መሃል፣ የጥፍርህን ሥር ያያሉ። አንዴ በተቀደደ ካልሲ ሄጄ ያፈርኩት እስካሁን ትዝ ይለኛል።

«የቆዳ ካንሰር የፈረንጅ ነው» ሲባል ደማቸው ይፈላ ነበር። ጥቁረታችን ከፀሐይ ይከላከልልናል፣ እውነት ነው። ሜላኖማ የሚባለው አደገኛ የቆዳ ካንሰር ግን እኛ ላይ ሲወጣ ብዙ ጊዜ ፀሐይ የማያገኘው ቦታ ነው የሚወጣው፤ ውስጥ እግር፣ መዳፍ፣ ጥፍር ሥር። ማን ያየዋል? ለወጣቶቹ ቦብ ማርሌይን ያነሱላቸዋል። በእግሩ አውራ ጣት ጥፍር ሥር ጀምሮት በ1973 ዓ.ም. በ36 ዓመቱ ሞተ። ይሄኔ ጸጥ ይላሉ።

ዕድር ላይ መዋጮ ከተሰበሰበ በኋላ «5 ደቂቃ ስጡኝ» ይሉና ግማሽ ሰዓት ይወስዳሉ። አንዲት እናት «ይሄማ ማርያም የሳመችኝ ነው» ብለው ጥቁር ነጥባቸውን ሲያሳዩ፣ «ማርያም የሳመችው አያድግም፣ አይደማም። ይሄ አድጓል፣ ነገ ይምጡ» አሏቸው። ድንኳኑ በሳቅ ፈረሰ። እናትየው ግን በማግስቱ ሄዱ።

አልቢኒዝም ላለባቸው፣ ማለትም ሲወለዱ ጀምሮ ቆዳቸው ከፀሐይ የሚከላከል ቀለም ለሚያንሰው፣ ሁለት ወንድማማቾች ደግሞ ሰፊ ባርኔጣ ገዝተው፣ ሰልፍ ላይ አውልቁ እንዳይባሉ ትምህርት ቤት ድረስ ሄደው ተጨቃጭቀዋል። «የጎንደር ብርድ አያታልላችሁ፣ ከ2,000 ሜትር በላይ ነን» ይላሉ። በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ የሚያቃጥለው የፀሐይ ጨረር 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ልጆቹ ጥምቀት ላይም ባርኔጣቸውን ደፍተው ነው ጥምቀተ ባሕሩ ዳር የሚቆሙት።

የእኔ ዕዳ ግን ሌላ ነው። እናቴ በልጅነቷ እሳት የፈጃት ቅልጥሟ ላይ ጠባሳ አለ። የዛሬ 9 ዓመት ቆሰለ። ማር ቀባች፣ ጠበል ተጠመቀች። አንድ ክሊኒክ ሦስቴ ቅባት ሰጥቶ መለሳት። እኔም ዝም አልኩ። ቁስል ነው፣ ይድናል ብዬ።

ዶክተር ቡና ሊጠጡ መጥተው አዩት።

«እታለም፣ ይሄ ስንት ጊዜው ነው?»

«ከፍልሰታ ወዲህ ነው።»

ጥምቀት አልፎ ነበር። ስኒውን አስቀመጡት። የቆየ የቃጠሎ ጠባሳ ቆስሎ አልድን ካለ ወደ ካንሰር ሊዞር እንደሚችል ያን ቀን ነው የሰማሁት። በዚያው ሳምንት ናሙና ተወሰደ። ካንሰር ነበር። ደግነቱ አልተሰራጨም፤ ቆርጠው አወጡት፣ ከጭኗ ቆዳ ወስደው ሸፈኑት። ዛሬ ድፎውን ተሸክማ የገባችው እሷ ናት።

ዶክተር በሚቀጥለው ሳምንት ባሕር ዳር፣ ልጃቸው ዘንድ ይሄዳሉ። ማታ ቤት ስንገባ እናቴ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ወንበር ላይ ሰቀለች። የስልኬን መብራት አብርቼ አየሁላት።

«ምንም የለም» አልኳት።

«እሳቸው እንዲህ ቸኩለው አያዩም» አለችኝ። «የጣቴንም መሃል እይ።»