መጀመሪያ የሾፌሩን በር ክፈቱ

የምሠራው አሜሪካ፣ ዴንቨር አጠገብ ባለ የካምፒንግ ትሬለር (በመኪና የሚጎተት፣ አልጋ ያለው ተንቀሳቃሽ ቤት) መሸጫ ነው። ሽያጭ ላይ አይደለሁም። ትሬለሩን ለርክክብ አዘጋጃለሁ፣ መኪናው ላይ ትሬለሩን የሚያያይዘውን ሂች እገጥማለሁ፣ የትሬለሩን ፍሬን ከመኪናው የሚያዝዘውን ብሬክ ኮንትሮለር እሞክራለሁ፣ ከዚያ ለገዢው አንድ በአንድ አሳያለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ግቢያችን በቤተሰብ ይሞላል።

ግንቦት ላይ አንድ የሐበሻ ቤተሰብ መጣ። አባት፣ እናት፣ አራት ልጆችና ከአገር ቤት የመጡ አያት። ሰባት ሰው። ትሬለር ኖሯቸው አያውቅም። ልጆቹ የሚፈልጉትን መርጠው ጨርሰዋል፦ ከኋላ አራት ተደራራቢ አልጋ ያለው፣ ሳሎኑ ቁልፍ ሲጫኑት ወደ ውጭ የሚሰፋ፣ ረጅም ትሬለር። ወረቀቱ ዘጠኝ ሰው ያስተኛል ይላል። ቀብድም ተከፍሏል።

ሻጩ የነገራቸው ሂሳብ አጭር ነው። መኪናችሁ 8,000 ፓውንድ ይጎትታል፣ ትሬለሩ ባዶውን 6,200 ነው፣ ስለዚህ ይተርፋችኋል። የመጀመሪያ ትሬለሩን የሚገዛ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሰማው ይህንኑ ነው። ቁጥሮቹ ውሸት አይደሉም። ነገር ግን 8,000 የሚለው ቁጥር ሲወጣ መኪናው ውስጥ አሉ ተብለው የሚታሰቡት ሾፌሩና አንድ ተሳፋሪ ናቸው፤ እያንዳንዳቸው 150 ፓውንድ። አያት የሉበትም። አራት ልጅ የለበትም።

እኔ ሂች ከመግጠሜ በፊት የሾፌሩን በር እከፍታለሁ። በሩ የሚዘጋበት ምሰሶ ላይ የተለጠፈ ወረቀት አለ፤ የሰውና የዕቃ ክብደት ተደምሮ ከዚህ እንዳይበልጥ የሚል። የእነሱ መኪና ትልቅ ባለ ሦስት ረድፍ ኤስዩቪ ነው። ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር 1,580 ፓውንድ ነበር።

አባትየውን ጠራኋቸው። «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና የሁላችሁንም ክብደት ይነግሩኛል?»

ግር አላቸው። ባለቤታቸው ግን ወዲያው ገባቸው። የልጆቹን አንድ በአንድ ነገሩኝ፤ ሐኪም ቤት በቅርቡ ተመዝነው ነበር። የአያትንም በግምት ጨመርን። 835 ፓውንድ መጣ። ክብደት የሚያከፋፍለው ሂች ራሱ 80 ያህል ይመዝናል። የቀረው 665 ነው።

ብዙ ሰው የሚስተው ከዚህ በኋላ ያለውን ነው። ትሬለር ክብደቱን በሙሉ በራሱ ጎማ አይሸከምም። አፍንጫው መኪናው ላይ ያርፋል። መንገድ ላይ ሳይዋልል እንዲሄድ ከጠቅላላ ክብደቱ ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆነው ሂቹ ላይ መጫን አለበት። ይህ ክብደት ደግሞ ከ1,580ው ላይ ይቀነሳል፤ ልክ እንደ አንድ ከባድ ተሳፋሪ። ያ ትሬለር ከነጭነቱ እስከ 7,600 ፓውንድ እንዲመዝን የተፈቀደ ነው። 13 በመቶ ብንይዝ 988 ይሆናል። ለ665 ቦታ 988።

«ዕቃውን ወደ ኋላ ብናደርገውስ?» አለ ትልቁ ልጅ። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ መልሱ ግን አይሆንም ነው። ከኋላ የከበደ ትሬለር በፍጥነት ሲሄድ ግራና ቀኝ መወዛወዝ ይጀምራል፤ አንዴ ከጀመረ መኪናውንም ይዞ ይሄዳል።

አባትየው ዝም ብለው ሲያዳምጡ ቆዩ። ለካ የትራክ ሾፌር ናቸው። 80,000 ፓውንድ ይዘው አገር አቋርጠው የሚሄዱ ሰው። «እኔ ሎድ ሳልመዝን ሀይዌይ ወጥቼ አላውቅም» አሉ። «ልጆቼን ለምን ሳልመዝን እወጣለሁ? ስኬል ላይ እናውጣውና እንየው።»

ሻጩ ደስ አላለውም። ከኔ ጋር ጥቂት ቃላት ተለዋወጥን። እንዲህ ያለ ነገር ሽያጭ ያበላሻል፣ ይህን ያህል የሚጠነቀቅ ገዢ የለም አለኝ። ሥራ አስኪያጃችን ግን ፈቀደ፤ ለዚህም አመሰግነዋለሁ። ትሬለሩን ባዶውን፣ ውኃ ሳይሞላ፣ መኪናው ላይ ገጠምነው። ቤተሰቡ በሙሉ ገባ። ትራኮች ነዳጅ የሚቀዱበት ቦታ ካለው ካት ስኬል ላይ ወጣን። ይህ ሚዛን የፊት አክስሉን (የጎማ ዘንጉን)፣ የኋላ አክስሉንና የትሬለሩን ለየብቻ ጽፎ ይሰጣል።

ወረቀቱን ያነበቡት አባትየው ናቸው። ማስረዳት አላስፈለገኝም። የመኪናው ሁለት አክስል ሲደመር ከመኪናው ገደብ አልፏል። ይህ እንግዲህ ያለ ልብስ፣ ያለ ምግብ፣ ያለ ውኃ ነው። ውኃ በጋሎን 8.3 ፓውንድ ይመዝናል፤ 40 ጋሎን ከሞሉ ከ330 በላይ ጨመሩ ማለት ነው።

ሊሄዱ ያሰቡት ደግሞ ሞአብ፣ ዩታ ነበር። ከዴንቨር አይ-70 በሚባለው አውራ ጎዳና ወደ ምዕራብ። የአይዘንሃወር ዋሻ 11,158 ጫማ ከፍታ ላይ ነው። ቱርቦ (አየር ገፍቶ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር እዚያ ላይ ጉልበቱ በደንብ ይቀንሳል። ከዋሻው ወጥቶ ወደ ሲልቨርቶርን ያለው ቁልቁለት 7 በመቶ ይደርሳል፤ ፍሬን የከዳው ትራክ የሚገባባቸው የጠጠር መውጫዎች የተሠሩት ያለ ምክንያት አይደለም። አባትየው ያንን መንገድ ከኔ በላይ ያውቁታል። ቀብዳቸው ተመለሰላቸው።

በኋላ ከእናትየው ጋር ያደረግነው ውይይት ለኔ ትልቁ ነገር ነው። እንደ አዲስ ተቀመጥንና ከአልጋ ቁጥር ሳይሆን ከሰዎቹ ተነሣን። አያት መሰላል አይወጡም፤ ሌሊት ደግሞ ሽንት ቤት ይነሣሉ። ስለዚህ አልጋቸው ወለል ላይ፣ ለሽንት ቤቱ ቅርብ መሆን አለበት። «ዘጠኝ ሰው ያስተኛል» ሲባል የምግብ ጠረጴዛውና ሶፋው ወደ አልጋ ተለውጠው ነው፤ ማታ ማታ እራት ተነሥቶ፣ ትራስ ተዘርግቶ። የመታጠቢያ ውኃ የሚጠራቀምበት ታንከር ደግሞ ለሰባት ሰው ቶሎ ይሞላል፤ የካምፑን ሻወር መልመድ ግድ ነው።

«እንጀራስ መጋገር እችላለሁ?» አሉኝ። ይህን የጠየቀኝ አሜሪካዊ ደንበኛ የለም፤ በደስታ ነው የመለስኩላቸው። ባለ 30 አምፕ ትሬለር ሁሉም ተደምሮ 3,600 ዋት ነው ያለው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን 1,500 ዋት አካባቢ ይወስዳል። የአየር ማቀዝቀዣውና የኤሌክትሪክ ውኃ ማሞቂያው አብረው ከሠሩ ብሬከሩ ይወርዳል። ሁለቱን አጥፍቶ መጋገር ይቻላል። ጋግሮ ይዞ መሄድ ግን ይሻላል አልኳቸው፤ ተስማሙ።

በመጨረሻ ያየነው ሃይብሪድ የሚባለውን ነው። ግድግዳው ጠንካራ ሆኖ ከፊትና ከኋላ በሸራ የተሸፈነ ሰፊ አልጋ የሚዘረጋ አጭር ትሬለር። ሽንት ቤት አለው። ሲጫን ከ4,500 ፓውንድ አይበልጥም፤ 12 በመቶው 540 ነው። ከ665ው ላይ 125 ይተርፋል፤ ሻንጣዎቹ ወደ ትሬለሩ ከገቡ ይበቃል። ወላጆች በአንዱ ሸራ፣ ሁለቱ ሴቶች ልጆች በሌላው፣ አያት ሶፋው ላይ፣ ትንሹ ልጅ ጠረጴዛው ላይ በሚሠራው አልጋ። ትልቁ ልጅ «እኔ ድንኳን ውስጥ ነኝ» ብሎ ራሱ ወሰነ።

ጉድለቱንም ነገርኳቸው። ዝናብ የመታው ሸራ ሳይደርቅ ከታጠፈ ይሻግታል፤ ቤት ሲገቡ እንደገና ዘርግቶ ማድረቅ ያስፈልጋል። ሌሊቱ ይበርዳል። የሎውስቶን ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ፊሺንግ ብሪጅ የሚባለው ካምፕ ደግሞ በድብ ምክንያት ሸራ ያለበትን አያስገባም። አያት ብርዱን ሰምተው ፊታቸው ተለወጠ። ስለዚህ ወዲያው እንዲገዙ አልገፋፋሁም፤ መጀመሪያ ተመሳሳይ ተከራይተው እንዲሞክሩ ነገርኳቸው። ሻጩ ይህንንም አልወደደውም።

ተከራዩ፤ ቅርብ ቦታ ሄደው አደሩ። ሲመለሱ የእናትየው ዝርዝር ረጅም ነበር፦ ለአያት ወፍራም ፍራሽ፣ ተንቀሳቃሽ ማሞቂያ፣ ለጫማ የሚሆን ቦታ ከበሩ ውጭ። ትሬለሩን ግን ወደዱት። ከኛው ዘንድ ገዙ፤ የሸጠላቸውም ያው ሻጭ ነው። አሁን እሱም ደንበኛ ሲመጣ ትሬለር ከማሳየቱ በፊት የመኪናውን በር አስከፍቶ ቁጥሩን ይጽፋል። ወደ ሞአብ የወጡ ዕለት አባትየው መንገድ ላይ እንደገና መዝነው የሚዛኑን ወረቀት በስልክ ላኩልኝ። ሙሉ ጭነት፣ ሰባት ሰው፣ ሦስቱም አክስል ከገደቡ በታች።