ፍራይቡርግ ብዬ ኦልተን ወረድኩ

ጥፋቱ የራሴ ነው፣ ማንንም አልወቅስም። ሽቱትጋርት ሰባት ዓመት ስለኖርኩ ጀርመንኛዬን ተማምኜ ነው ስዊዘርላንድን ልዞር የወጣሁት። ዙሪክ ጓደኛዬ ቤት አርፌ በማግስቱ በበርን በኩል ፍሪቡርን ላያት ተነሳሁ። ፍሪቡር ፈረንሳይኛው ነው፣ በጀርመንኛ ፍራይቡርግ ይሏታል። በርን ቁጭ ብዬ ቡና እየጠጣሁ (አምስት ፍራንክ! ለአንድ ስኒ!) ስልኬ ላይ ፍራይቡርግ ብዬ ጻፍኩ፣ የመጣልኝን ቲኬት ቆረጥኩ፣ የተባልኩት ባቡር ውስጥ ገባሁ። ጓደኛዬ ሀያ ደቂቃ ነው ብላኛለች። ግማሽ ሰዓት ሊሞላ ነው፣ ባቡሩ ይነጉዳል። ለካ ፍራይቡርግ ሁለት ናት! እኔ የቆረጥኩት ለጀርመኗ ነው፣ ወደመጣሁበት አገር ሊመልሰኝ። መንገድ ላይ ያለች ኦልተን የምትባል የስዊዝ ከተማ ላይ ዘልዬ ወረድኩ። የቲኬቱን ገንዘብ ውሃ በላው።

ከሰዓት በኋላ እውነተኛዋ ፍሪቡር ደረስኩ። ጣቢያው ላይ ሁሉም ነገር በሁለት ቋንቋ ነው፤ በጀርመንኛ "ባንሆፍ" ይላል፣ አጠገቡ በፈረንሳይኛ "ጋር" ይላል፣ ሁለቱም ባቡር ጣቢያ ማለት ነው። "ጋር"! የእኛ ለገሃር እኮ ከዚህችው ቃል ነው የመጣው፣ "ላ ጋር"። የሚገርመው የአዲስ አበባን ባቡር ውል እ.ኤ.አ. በ1894 ከአፄ ምኒልክ የተቀበለው አልፍሬድ ኢልግ ስዊዛዊ ነበር፣ ያውም ከጀርመንኛ ተናጋሪው ወገን።

ከላይኛው ከተማ ወደ ታችኛው የምትወርድ ትንሽ የገመድ ባቡር አለች። ከ1899 ጀምሮ የምትሠራው በከተማው ፍሳሽ ነው። አልቀለድኩም። ላይ ያለው ፉርጎ ሆዱን በፍሳሽ ውሃ ይሞላል፣ ይከብዳል፣ ቁልቁል ሲወርድ ደግሞ ታች ያለውን ጓደኛውን በገመድ ጎትቶ ያወጣዋል፤ ታች ሲደርስ ውሃውን ይደፋና የመውጣት ተራው የእሱ ይሆናል። ሞተር የሚባል ነገር የላትም። ሽታ? አዎ፣ ትንሽ አለ።

ታች፣ ሳሪን ወንዝ ዳር ያለው ሰፈር የድሆች ሰፈር ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከገጠር ሥራ ፍለጋ የመጡ ጀርመንኛ ተናጋሪዎች እዚህ ከፈረንሳይኛ ተናጋሪዎቹ ጋር ግድግዳ ተጋርተው ኖሩ፣ አፋቸውም ተደባለቀ። ቦልዝ ይሉታል፤ እኛ ብንሆን ጉራማይሌ ብለን እንገላገለው ነበር። ዛሬ የሚናገሩት ባብዛኛው ሽማግሌዎች ናቸው። አግዳሚ ወንበር ላይ ሁለት አሮጊቶች ሲያወጉ ጆሮዬን ጣል አድርጌ ነበር፣ ከአምስት ቃል አንዱን ብይዝ ነው።

አራት ቋንቋ ያላት አገር ሲባል ሰዉ ሁሉ አራቱንም የሚያቀላጥፍ ይመስለኝ ነበር። አራት ያላት አገሪቱ ናት እንጂ ሰዉ አይደለም። ከ26ቱ ካንቶኖች (ክልሎቻቸው ናቸው) ከአንድ በላይ የሥራ ቋንቋ ያላቸው 4 ብቻ ናቸው፤ ሌላው በየራሱ ቋንቋ ተረጋግቶ ይኖራል። ከመቶ 60 በላይ የሚሆነው ሕዝብ ጀርመንኛ ይናገራል፣ አራተኛውን ቋንቋ ሮማንሽን የሚናገረው ግን ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። ጓደኛዬ ዙሪክ ቢሮ ውስጥ ነው የምትሠራው። "ጄኔቫ ያሉት ሲደውሉ በምን ታወራላችሁ?" አልኳት። "በእንግሊዝኛ ነዋ!"

ጀርመንኛውም ቢሆን አላስኬደኝም። እኔን ሲያናግሩ የክት ጀርመንኛቸውን ያወጣሉ፣ እርስ በርሳቸው ወደ ዘወትሩ፣ ወደ ስዊዝ ጀርመንኛቸው ይመለሳሉ፣ እኔ ደግሞ ፈገግ ብዬ መቀመጥ ነው።

በመጨረሻው ቀን ወደ ደቡብ፣ ወደ ቤሊንዞና። የጎታርድ ዋሻ 57 ኪሎ ሜትር ነው፣ በ2016 የተከፈተ፣ ከዓለም የባቡር ዋሻዎች ረጅሙ። ሀያ ደቂቃ ገደማ ጨለማ። ስትወጡ ተራራው እዚያው ነው፣ ቋንቋው ግን ጣልያንኛ ሆኗል።

ቤሊንዞና ሦስት ግንቦች አሏት፣ በዩኔስኮ የተመዘገቡ። ሁለቱን አየሁ። ሦስተኛው ዳገት አናት ላይ ነው፣ የሻንጣዬ ጎማ ደግሞ ድንጋይ ንጣፉ ላይ ወልቃ ቀረች። አንድ ብስክሌት የሚጠግኑ ሽማግሌ አገኘሁ። ጀርመንኛ ሞከርኩ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። እንግሊዝኛም እምቢ አለ። ብሎኑን በጣቴ እያሳየሁ አሰብኩ፣ አሰብኩ፣ ከዚያ መርካቶ ጋራዥ ያለው አጎቴ ትዝ አለኝና "ካቻቪቴ" አልኳቸው።

ፊታቸው በራ። ካቻቪቴውን ከመሳቢያ አውጥተው ሰጡኝና፣ ጣልያንኛ የምችል መስሏቸው ወሬያቸውን ለቀቁት። ጎማዋን አስሬ እስክጨርስ አላቋረጡም። እኔም "ሲ፣ ሲ" እያልኩ ሸኘኋቸው።