ከጎንደር ጥምቀት እስከ ፍሎሪዳ ኅዳር፦ የጡረታ ዓመታችንን በነጥብ እንዴት እንዳቀድን

ዓመቱን ሙሉ ለመጓዝ ስንነሳ የመጀመሪያው ክርክራችን ከምን እንጀምር የሚል ነበር። እኔና ባለቤቴ ሁለታችንም የጎንደር ልጆች ነን፤ የሥራ ዘመናችንን ያሳለፍነው ግን ሜሪላንድ ነው። ልጆቹ ትንንሾች ሳሉ ከአንድ የሪዞርት ክለብ የታይምሼር ነጥብ፣ ማለትም በየዓመቱ በክለቡ ማረፊያዎች የማደር መብት፣ ገዝተን ነበር። ባለቤቴ የክለቡን ዝርዝር ዘርግቶ «በነጥባችን የት የት መሄድ እንደምንችል እንይ» አለ። እኔ ደግሞ በመጀመሪያ የማይነቃነቀውን እንጻፍ አልኩ። እኔ አሸነፍኩ፤ እንደዚህ ዓይነት ጉዞ ለሚያስብ ሁሉ የምመክረውም ይህንኑ ነው።

የማይነቃነቀው በዓል፣ ጾምና ዝናብ ነው። አንድ ሰፊ ወረቀት ላይ በግራ በኩል የእኛን አሥራ ሦስት ወራት፣ በቀኝ የፈረንጆቹን አሥራ ሁለት ጻፍኩ። በግራ፦ ገና ታኅሣሥ 29፣ ጥምቀት ጥር 11፣ ዐቢይ ጾምና ፋሲካ፣ የአማቴ ሙት ዓመት፣ ከሰኔ ጀምሮ ክረምት። በቀኝ፦ ትምህርት ቤት የሚዘጋበትና የሚከፈትበት፣ ሌበር ዴይ የሚባለው የአሜሪካ የሠራተኞች ቀን፣ የምስጋና ቀን፣ የፈረንጆች ገና። የቀኙን የጻፍኩት ልናከብረው ብለን አይደለም፤ የነጥብ ዋጋ ሲወጣና ሲወርድ የሚከተለው እርሱን ስለሆነ ነው።

ለማያውቀው ሰው ነገሩ እንዲህ ነው። ክለቡ በየዓመቱ የተወሰነ ነጥብ ይሰጣል፤ አባሉ በነጥቡ ክፍል ይይዛል። አንድ ሌሊት ስንት ነጥብ እንደሚጠይቅ የሚወስኑት ቦታው፣ የክፍሉ ስፋት፣ ወቅቱና የሳምንቱ ቀን ናቸው። አርብና ቅዳሜ ሌሊት ይወደዳሉ፤ ከእሑድ እስከ ሐሙስ ይረክሳሉ። ልጆች ይዞ የሚሄድ ቤተሰብ ትምህርት በተዘጋበት ሐምሌ፣ ሁለት መኝታ ቤት ያለው ክፍል ለመያዝ ይገደዳል። እኛም ያንን ስናደርግ ኖረናል፤ የዓመቱ ነጥብ በአንድ ሳምንት ያልቅ ነበር። ጡረተኛ ግን ማክሰኞ ገብቶ ሐሙስ ቢወጣ የሚጠይቀው አለቃ የለውም። ያው ነጥብ፣ አነስ ባለ ክፍልና ሰው በማይፈልገው ወቅት፣ ሳምንታት ያኖራል። ነጥቡን ያበዛልን የሻጩ ምክር ሳይሆን ጡረታው ነው።

ወረቀቱ ላይ ያስቸገረን ክረምቱ ነበር። ጎንደር በሐምሌና በነሐሴ ጭቃና ዝናብ ነው፤ ያኔ ወጣ ማለት ደስ ይላል። ችግሩ አሜሪካ የነጥቡ ጣሪያ ሐምሌ መሆኑ ነው። ባለቤቴ ከሚቀጥለው ዓመት ነጥብ እንበደር አለ፤ መበደር በክለባችን ይፈቀዳል። እኔ አልወደድኩትም። ሐምሌንና ነሐሴን ልጆቻችን ቤት እንድንሆን ወሰንን፤ ፍልሰታንም ከልጅ ልጆቻችን ጋር ጾምን። አንድም ነጥብ አልወጣብንም።

ሌበር ዴይ የሚውለው በፈረንጆቹ የመስከረም ወር የመጀመሪያው ሰኞ ነው። ከእርሱ በኋላ ተማሪው ወደ ትምህርቱ ሲመለስ የባሕር ዳርቻው ይራቆታል፤ ነጥቡም ይወርዳል። የወረደበት ሌላም ምክንያት አለው፦ የአትላንቲክ የማዕበል ወቅት ከሰኔ 1 እስከ ኅዳር 30 በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው፤ ብዙውን ጊዜ የሚበረታውም መስከረም ላይ ነው። ስለዚህ ክፍል ከመያዜ በፊት በመጀመሪያ ያነበብኩት ስለ ስረዛ የተጻፈውን ደንብ ነበር፤ እስከ ስንት ቀን ድረስ ቢሰረዝ ነጥቡ ሙሉ በሙሉ እንደሚመለስ። የባሕሩን ፎቶ ያየሁት ከዚያ በኋላ ነው። የዚህ ምርጫ ዋጋ ግን እንቁጣጣሽንና መስቀልን ከጎንደር ውጭ ማሳለፍ ነበር፤ ባለቤቴ ዛሬም ያነሳዋል።

ኅዳር ላይ የምስጋና ቀን ካለፈ በኋላ እስከ ፈረንጆች ገና መዳረሻ ድረስ ያሉት ሳምንታት ፍሎሪዳ ውስጥ ርካሽ ናቸው። እዚህ ላይ ማንም የነጥብ አዋቂ የማይነግረን ነገር መጣ፤ ጾመ ነቢያት። ስቱዲዮ የሚባለው ክፍል ብዙ ጊዜ ያለው ማይክሮዌቭና ትንሽ ማቀዝቀዣ ብቻ ነው። በማይክሮዌቭ ምስር ወጥ አይሠራም። አንድ መኝታ ቤት ያለው ክፍል ግን እውነተኛ ምድጃ አለው፤ ነጥቡ ቢበልጥም የሥራ ቀን ሌሊቶችን ብቻ በመያዝ አካካስኩት። ሽሮና በርበሬ በሻንጣ ሄደ። በመጀመሪያው ቀን ሽንኩርቱን አቁላልቼ በርበሬውን ጨመር ሳደርግ ጣሪያ ላይ ያለው የጭስ መቆጣጠሪያ ጮኸ፤ ባለቤቴ ወንበር ላይ ቆሞ በፎጣ እያራገበ፣ አንድ የጥበቃ ሠራተኛ በሩን እያንኳኳ። ሰውየው ገብቶ አሽትቶ ምን እንደምሠራ ጠየቀኝ፤ ከዚያ ወዲያ ሰገነቱን ከፍቼ ነው የማቁላላው። ቡና መቁላቱን ግን ተውኩት፤ የተቆላ ይዘን ሄድን።

የነጥቡ ጉልበት ጎንደር አይደርስም፤ የክለባችን ሪዞርት እዚያ የለም። ስለዚህ አሜሪካ ለሆቴል ያላወጣነውን ገንዘብ ለጎንደር መደብነው። ከታኅሣሥ እስከ ግንቦት ቤት ተከራየን፤ የባለቤቴ እህት «ቤት እያለን ኪራይ?» ብለው ተቀየሙ። የጥምቀትን ሳምንት እርሳቸው ዘንድ እንደምናሳልፍ ቃል ስንገባ ቀለል አላቸው፤ ለእኛም በጀን፣ በዚያ ሳምንት አልጋ ጠፍቶ ዋጋው ሰማይ ይነካልና። ከተራ ጥር 10 ታቦታቱ ወደ ፋሲለደስ መዋኛ ሲወርዱ፣ ገንዳው ከቀሃ ወንዝ በሚመጣ ውኃ ተሞልቶ ነበር። በማግስቱ ከጸሎቱና ከቡራኬው በኋላ ወጣቶቹ ከግንቡ ጫፍ ሲዘሉ ባለቤቴ ጫማውን ሊያወልቅ ዳድቶት እጁን ያዝኩት። ስሜን ተራሮች ለመሄድም አስበን ነበር፤ ቀን የቆረጥነው ግን በወረቀቱ ሳይሆን በየሳምንቱ ከደባርቅ የሚመላለሱ ሾፌሮችን ጠይቀን ነው።

ሰው «ታዲያ በነጻ ኖራችሁ» ሲለኝ እስቃለሁ። ክፍል ተያዘም አልተያዘም ዓመታዊ የጥገና ክፍያ አለ፤ እርሱም ከዓመት ዓመት ይጨምራል። ክፍያውን ላደርንባቸው ሌሊቶች አካፍዬ ከሆቴል ዋጋ ጋር አስተያየሁት፤ የተረፈን በርካሹ ወቅት ብዙ ሌሊት ስላደርን ብቻ ነው። በሐምሌ አንድ ሳምንት ብቻ ለሚያርፍ ሰው ሒሳቡ አያዋጣም፤ እንግዳ ሲመጣ «ለቁርስ ተጋብዘዋል» እያሉ ተጨማሪ ነጥብ ለመሸጥ የሚያስቀምጡትንም አመስግኖ ማለፍ ነው። ነጥብ መግዛት የሚፈልግ ቢኖር እንኳ ከቀድሞ ባለቤት ላይ ቢገዛ እጅግ ይረክሳል።

ሌላው ወረቀት ነው፤ ቶሎ ልለፈው። የትውልደ ኢትዮጵያ መታወቂያ ስላለን ቪዛ አላስፈለገንም። ሜዲኬር፣ የአሜሪካ መንግሥት የአረጋውያን የጤና መድን፣ ከጥቂት ሁኔታዎች በቀር ከአሜሪካ ውጭ ለሚደረግ ሕክምና አይከፍልም፤ ስለዚህ የጉዞ የጤና መድን ገዛን፣ የደም ግፊት መድኃኒቱንም ለወራት የሚበቃ ከሐኪም ማዘዣው ጋር ይዘን ሄድን። ጎንደር ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች ዳገቱ ለጉልበት ብቻ ሳይሆን ለትንፋሽም ነው፤ የመጀመሪያውን ሳምንት ከፒያሳ ብዙም አልራቅንም።

ነጥብ እንደ እንጀራ ነው፤ በጊዜው ካልተበላ ይሻግታል። የክለባችን ዓመት ከመዝጋቱ በፊት በወረቀቱ ላይ የተረፈውን ወደ ሚቀጥለው ዓመት ለማሻገር የተወሰነ ቀን አለ፤ እርሱንም በቀይ ጽፌዋለሁ። ባለቤቴ ለሚመጣው መስቀል ጎንደር መሆን አለብኝ ብሏል። ስለዚህ የመስከረሙን የባሕር ዳርቻ ሰርዤ ነጥቡን ለትልቋ ልጃችን የሐምሌ ዕረፍት አሻግሬዋለሁ፤ የኅዳሩን ፍሎሪዳ ግን፣ ምድጃ ያለውን ክፍል፣ ከወዲሁ ይዤዋለሁ።